የቤተሰብ እንግዶች በቡና ማሳችን፦ የጋራ ዕቅዱን እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ አባሎቻችን እንደምን ከረማችሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ «ልጆቻችንን ይዘን መጥተን እናንተ ጋ እንደር» የሚሉን ቤተሰቦች አሉ። እነሱን ለመቀበል የያዝነው የማኅበራችን ዕቅድ ረቂቅ «በክረምት የትምህርት ዕረፍት የቡና ለቀማ ጉብኝት» ይላል። እስኪ አስተያየታችሁን ስጡበት።

የወናጎ አባል፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ወቅቱ ግን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ዛፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ፍሬ ነው። ቡናችን መቅላት የሚጀምረው ወደ ጥቅምት ነው፤ ያኔ ተማሪው ክፍል ገብቷል። ከአዲስ አበባ ዲላ ብቻ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ልጅ ቀይ ቡና አጥቶ መመለስ የለበትም። ለሁለት እንክፈለው። በክረምት ችግኝ ተከላ ይሁን፤ ልጁ በእጁ ይትከል፣ በዓመቱ መጥቶ ይየው። ለቀማው ለገና ሰሞን ይቆይ። ደጋው ላይ ያለነው ቡናችን ስለሚዘገይ ያኔም እንለቅማለን።

የይርጋጨፌ አባል፦ ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቡናው የሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ነው። ቡና ሽታ ይስባል። ሽቶ ወይም ቅባት የነካው እጅ ልፋታችንን ያበላሻል። እንግዳ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይቅረብ ተብሎ ይጻፍልኝ። ከዚያ ልጆቹ አጠገባችን ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ይልቀሙ። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከር ተፈልፍሎ የታጠበው ቡና ይሸፈናል፤ የመሸፈኛውን ጫፍ ይዘው ያግዙን። ወደ መፈልፈያው ማሽን ግን ልጅ ድርሽ አይበል! ደግሞ እንግዳ አለ ተብሎ ሥራ አይቆምም። ዝናብ ከመጣ ወሬው ይቋረጥና ሁላችንም ወደ አልጋው እንሮጣለን። ይህም ለእንግዶቹ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ የማደሪያው ክፍያ በማኅበሩ በኩል ይግባ፤ እንግዳም በተራ ይድረስ። መንገድ ዳር ያለው ቤት ብቻ መጠቀም የለበትም። የምግቡ ግን በቀጥታ ላበሰለችው እናት ይሰጥ። እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውንና ቡላውን አዘጋጅታ የምታቀርበው እሷ ናት።

ሰብሳቢ፦ ሁሉንም ተቀብያለሁ። የወቅቱን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «በክረምት ችግኝ ተከላ፣ በገና ሰሞን ለቀማና ማድረቅ። እንግዳው የሥራውን ሰዓት ይከተላል።» ያልተነካው የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውሃ ጉዳይ ነው። እነዚህ ያልተሟሉለት ቤት ዘንድሮ ባያስተናግድ ይሻላል እላለሁ፤ ተራው ግን አይቃጠልበትም፣ ሲያሟላ ይወስደዋል። ያልተስማማ ካለ እስከ እሑድ ይጻፍ። ሰኞ ለወረዳው እናስገባለን።