ባይኖኩላሬ ከውስጥ እንፋሎት ይዟል፤ ነገ ጠዋት ገፈርሳ ልሄድ ነው፣ ምን ላድርግ?

የቡራዩ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከሰዓት ገፈርሳ ግድብ ዳር ዝናብ ያዘኝና ባይኖኩላሩ ክፉኛ ራሰ። ቤት ገብቼ ብጠርገው ብጠርገው አይለቅም። ሁለት ክንፈ ሰማያዊ ዝይ አይቻለሁ፣ ነገ 12 ሰዓት ተመልሼ በደንብ ላያቸው ነው። ምድጃ አጠገብ ላድርገው ወይስ ብሎኑን ፈትቼ ልጥረገው?

ለገጣፎ፦
ሩዝ! ሌሊቱን ሩዝ ውስጥ ቅበረው። የእኔን ስልክ ያዳነው ሩዝ ነው።

ጋሽ ወፎ፦
ልጄ፣ እንዳትፈታው! ውስጡ ፕሪዝም የሚባል መስታወት አለ፤ ከቦታው ትንሽ ከተነቃነቀ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳይሃል፣ ራስህንም ያምሃል። ምድጃም አይሆንም፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላዋል። ደህናዎቹ ባይኖኩላሮች ናይትሮጅን ተሞልተው በጎማ የታሸጉ ናቸው፣ ለዚህ ነው ከውስጥ ጉም የማይዙት። ያንተ ከውስጥ ከያዘ ወይ ከመጀመሪያው አልታሸገም ወይ ጎማው አርጅቷል። እንዲሁ እርጥብ አድርገህ ቦርሳ ውስጥ ብትተወው ደግሞ ሻጋታ ይበቅልበታል። የሻገተ ሌንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አይመለስም። ክረምት ላይ ሁሌ የምለው ይሄንን ነው፣ የሚሰማኝ የለም እንጂ።

ቤቲ ሱሉልታ፦
ቆይ፣ ከውስጥ መሆኑን በምን አወቅክ? የቀዘቀዘ ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ከውጭ ላብ ይሰራል። ግማሽ ሰዓት ተወውና በንጹህ ጨርቅ ጥረገው፤ ከጠፋ ችግር የለም።

የቡራዩ ልጅ፦
ከቆየም በኋላ ያው ነው፣ ከውስጥ ነው። የቀኙ ብቻ ነው የያዘው። 8 በ42 ነው (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር)፤ ሲሸጡልኝ ውሃ አይገባውም ብለውኛል።

ጋሽ ወፎ፦
የቀኙ ብቻ መሆኑን ቀድመህ ብትነግረን ኖሮ! ነገ በግራው ብቻ እይ፣ ዝይ ለመለየት አንድ ዓይን በቂ ነው።

ለገጣፎ፦
ሩዝ ያልኩትን ሞከርክ?

አበበች፦
ሩዙን ቀቅላችሁ ብሉት። ዱቄቱ መስታወቱ ላይና ማስተካከያው ውስጥ ይገባል። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከረጢት አለች አይደል፣ አትብሉ የሚል የተጻፈባት? እሷን ነው የሚፈልገው። ጎረቤት ሁሉ ለምነህ ሰብስብ፣ ከባይኖኩላሩ ጋር ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ዝጋው። የዓይኑን ጎማ አውጣው፣ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዙረው፣ አየር ይግባበት። በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ይችላል፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ፀሐይ ላይ ግን አታስጣው።

እንጦጦ ነኝ፦
ይቅርታ፣ እኔ ስለ ባይኖኩላሩ አይደለም። ያየኸው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ገፈርሳ ላይ የግብፅ ዝይም አለ፣ ብዙ ሰው ያሳስተዋል። የግብፅ ዝይ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ምልክት አለው፣ እግሩም ሮዝ ነው። ክንፈ ሰማያዊ ግን ግራጫ ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላል፣ መንቆሩና እግሩ ጥቁር ነው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ሰማያዊው ይታያል። ቆሞ ሲያርፍ አንገቱን ወደ ጀርባው ያስደግፋል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለምና ማረጋገጡ ዋጋ አለው። ሲነሳ ክንፉን እይ፣ ለዚያ ባይኖኩላርም ላያስፈልግህ ይችላል።

የቡራዩ ልጅ፦
እግሩን አላየሁም፣ ሳሩ ረጅም ነው። ግን አንገቱን ጀርባው ላይ አድርጎ ነበር!

እንጦጦ ነኝ፦
እንደዚያ ከሆነ በርታ፣ ሂድ። ግን ግድቡ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፣ ጥበቃ አለ፤ በር ላይ አስፈቅድ። እግረ መንገድህን ጭራዋን እያወዛወዘች ሳር ላይ የምትሮጥ ቢጫ ወፍ ካየህ ጻፍልን፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው የሚገቡት።

ቤቲ ሱሉልታ፦
አበበች፣ ያቺ የጫማ ከረጢት እርጥበት ጠጥታ ከሞላች በኋላ ምጣድ ላይ ለብ ብላ ትደርቃለች የሚባለው እውነት ነው? የእኔም ባይኖኩላር ክረምቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ነው።