ስትሮክ የመታው ሰው ራስጌው ከፍ ይበል ወይስ ያለ ትራስ ይንጋለል?

ጠያቂ (የታማሚው ልጅ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ ግራ ጎናቸው ደክሟል። በሲቲ ስካን የታየው የደም መርጋት ነው ተብለናል። ነርሷ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጉ ትላለች፤ አጎቴ ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ደም ወደ ጭንቅላቱ አይወጣም» እያሉ ትራሱን ይስቡታል። በዚያ ላይ ዛሬ ጠዋት ቀና ስናደርጋቸው ላብ አጠመቃቸው፣ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አሉ። ነገ ወደ ቤት ይወጣሉ። ማንን እንስማ?

ነርስ ነኝ፦ አጎትሽ ዝም ብለው አላሉም። ጤነኛ አንጎል የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ቢልም ሥሮቹን እያሰፋና እያጠበበ የሚደርሰውን ደም ያመጣጥናል። በስትሮክ የተጎዳው ክፍል ግን ይህ አቅም ይዳከምበታል። ስለዚህ ተንጋለው ሲተኙ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በአልትራሳውንድም ይታያል። ነገር ግን ጭማሪው በሽተኛውን ጠቀመው ወይ? በ2017 የታተመው ሄድፖስት የተባለው ጥናት 11,093 ሕሙማንን አይቷል፤ ከፊሎቹ ለ24 ሰዓት ያለ ከፍታ ተንጋለሉ፣ ሌሎቹ ራስጌያቸው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ አለ። ከ90 ቀን በኋላ በአካል ጉዳት ልዩነት አልታየም። በአምስተኛው ቀን በትራስ መጣላት አያስፈልግም።

ዳዊት፦ ለሁሉም ሰው ግን አንድ አይደለም። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ የረጋው ደም በቱቦ እስኪወጣ የሚጠበቅ ከሆነ ሐኪሞች አንዳንዴ ሆን ብለው ያንጋልላሉ። ደም ፈስሶ ከሆነ ደግሞ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት እንዳይጨምር ራስጌውን 30 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። የጎረቤት ምክር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እኔን ያሳሰበኝ የጠዋቱ ላብ ነው። ዛሬውኑ ተንጋለው ሳሉ ግፊታቸው ይለካ፤ ከዚያ ተቀምጠው ወይም ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይደገም። የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሳይወጡ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የግፊት መድኃኒታቸው መታየት ይኖርበታል። ራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት። ስታስነሱ በጎን አዙሯቸው፣ እግራቸው ከአልጋ ይውረድ፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ይቀመጡ። የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት ትከሻን ይጎዳል። ቀና ሲሉ አንደበታቸው ከተሳሰረ ወይም ድካሙ ከባሰ ወዲያው አስተኝታችሁ ሐኪም ጥሩ።

ሰላም፦ ምግብም አይረሳ! ተንጋለው አይብሉ፤ ትን ካላቸው ወደ ሳንባ ይገባና ኢንፌክሽን ያመጣል። ቀጥ ብለው ይብሉ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጡ ይቆዩ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ተለካ፦ የላይኛው ቁጥር ተንጋለው 148፣ ተቀምጠው 119። ሐኪሙ መውጫውን አዘግይቶ መድኃኒቱን እያየ ነው። ማታ ሁለት ትራስ ቢደረግላቸውስ?

ነርስ ነኝ፦ ሁለት ትራስ አንገትን ወደፊት ያጥፋል፤ አንገት ሲታጠፍ ከጭንቅላት የሚመለሰው ደም መውረጃው ይጠባል። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ከወገብ ጀምሮ፣ አንገት ቀጥ ብሎ።