የሙሰል ጥገኞች ጥናት፦ ረቂቁን እናስተካክል

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥናት ዕቅዳችን ረቂቅ ከተላከላችሁ ሳምንት አለፈው፣ እስካሁን ግን ድምፅ የለም። እስቲ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንነሳ። "በደቡብ አፍሪካ ደቡባዊ የባሕር ጠረፍ መጤው ሙሰል የሚያሸንፈው ነባሩን ጥገኛ ትሎች ስለሚያደክሙት ነው" ይላል። ሙሰል ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው፤ ነባሩ ፐርና ፐርና የሚባለው ቡናማ ሙሰል ነው። መጤው የሜዲትራኒያን ሙሰል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ሳልዳኛ ቤይ ላይ ከታየ ወዲህ ጠረፉን ተያይዞታል። በዓረፍተ ነገሩ የማይስማማ አለ?

ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠራዋ፦
እኔ አለሁ። "ስለሚያደክሙት ነው" የሚለውን ገና አላረጋገጥነውም። የሚታወቀውን እንለይ። ነባሩ ውስጥ ትሬማቶድ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎች ይገኛሉ። አንደኛው ፕሮክቶይሲስ ዕድገቱን ያጓትታል። ሁለተኛው ቡሴፋሊድ የባሰ ነው፤ የመራቢያ አካሉን ወርሶ ያመክነዋል። የዛጎሉን ሁለት ክዳኖች የሚዘጋውን ጡንቻም ያላላል። ስለዚህ ባህሩ ሸሽቶ ዓለቱ ሲደርቅ ሙሰሉ ውስጡ ያለውን ውሃ መያዝ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት መጤው ላይ እነዚህን ትሎች አላገኘም። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መጤው ከትል ነፃ መሆኑና በዚያ ምክንያት ማሸነፉ ለየቅል ናቸው።

ናሙና ሰብሳቢው፦
ልጄ ልክ ብላለች። እኔ ደግሞ ከዓለቱ ልነሳ። መጤው ከላይ ይሰፍራል፣ ነባሩ ከታች፣ መሃል ላይ ተደባልቀው ይኖራሉ። ነባሩን ከዓለት ጋር የሚያስረው ክር ጠንካራ ነው፤ ሞገድ በቀላሉ አይነቅለውም። መጤው ቶሎ ያድጋል፣ ብዙ ይራባል፣ ከውሃ ውጪ መቆየትም ይችልበታል። ታዲያ ረቂቁ እንደሚለው አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ለቅመን ትል ብንቆጥር፣ ልዩነቱ ከዝርያው ይምጣ ከቦታው በምን እናውቃለን? ናሙናው ሁሉ ከመሃለኛው ክፍል ይሁን። በዚህ አልደራደርም።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምናዝንለት ፐርና ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ራሱ መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቴክሳስ ጠረፍ ላይ ተገኝቷል። ረቂቁ ውስጥ "ምስኪኑ ነባር" የሚል ነገር አይቻለሁ፤ እሱን አውጡልኝ።

የዛጎሉን ክፍል የጻፈው፦
"ምስኪኑ" የኔ ነው ጋሼ፣ አወጣዋለሁ። ግን የኔን ክፍል ማንም ሳይነካው ሊታለፍ ነው መሰለኝ። ያለው ትል ብቻ አይደለም እኮ። ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ፣ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ዛጎሉን ቦርቡረው ውስጡ ይኖራሉ። ሁለቱንም ዝርያ ይይዛሉ። ብርሃን ስለሚፈልጉ ፀሐይ በሚመታው ዓለት ላይ ይበረታሉ። ዛጎሉ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይበሳል። ሙሰሉ ለዕድገት የሚያስፈልገውን ጉልበት ለጥገና ያፈሰዋል።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። የተቦረቦረ ዛጎል ይነጣል፣ የነጣ ዛጎል ደግሞ ፀሐይ ይመልሳል። ሙቀቱ ሲከፋ የተቦረቦሩት ሙሰሎች ከጤነኞቹ ይልቅ ቀዝቀዝ ብለው ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። እና ይኼ ጥገኛ ነው ወይስ ጃንጥላ? "ጉዳት" ብቻ ብለን ከላክነው ገምጋሚዎቹ ይስቁብናል። የሰውነታቸው ሙቀትም ይለካ።

ቁጥር የሚሠራው፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የናሙናው ብዛት ግን አይሆንም። ረቂቁ ከየዝርያው 30 ይላል። ከመቶ ሙሰል ሦስቱ ብቻ ቡሴፋሊድ ቢኖርባቸው፣ 30 ከፍተን አንድም ሳናገኝ የመቅረታችን ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው። 100 ብንከፍት ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። መጤው ላይ "ምንም የለም" ለማለት ካሰብን ደግሞ ከዚህ ማነስ የለበትም። ሌላው መጠን ነው። ትልልቆቹ ብዙ ስለኖሩ ትል የመያዝ ዕድላቸው ይበዛል። በርዝመት እያጣመድን እንውሰድ።

ናሙና ሰብሳቢው፦
መቶ መቶ? ከአንድ ዓለት ሁለት መቶ ሙሰል? እንዴት ተደርጎ! አንዴ ከተቦደሰ ሞገዱ ከጫፉ እየያዘ ሌላውንም ይገሸልጠዋል። ልናጠናው የመጣነውን ራሳችን ልንጨርሰው ነው።

ቁጥር የሚሠራው፦
በአራት ዙር ብናደርገውስ ጋሼ? በየዙሩ ከየዝርያው 25፣ ከአንድ ቦታ ሳይሆን እያራራቅን። የወቅቱን ለውጥም በዚያው እናያለን።

ናሙና ሰብሳቢው፦
እሱስ ይሁን። ግን የመልቀሚያ ፈቃዱ ሳይወጣ አንዲት ሙሰል አልነካም።

ማይክሮስኮፕ ላይ የምትሠራዋ፦
እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሙሰሎቹን የምከፍተው ዝርያቸውን ሳላውቅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በዛጎላቸው ይለያሉ። ቢያንስ ከየትኛው ዓለት እንደመጡ አትንገሩኝ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ።

አስተባባሪዋ፦
ይጻፋል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቀየርኩት፦ "ነባሩና መጤው ሙሰል ተደባልቀው በሚኖሩበት የዓለት ክፍል፣ እኩል መጠን ባላቸው ሙሰሎች ላይ፣ የጥገኞች ብዛት ይለያያል ወይ? ልዩነቱስ ውሃ በመያዝና ሙቀት በመቋቋም ላይ ይታያል ወይ?" ማሸነፍ የሚለው ወጥቷል።

ቡሴፋሊድ ኑሮውን የሚጨርሰው ዓሣ ውስጥ ስለሆነ የዓሣ ክፍል ይጨመር ያላችሁኝ ነበራችሁ። ለዚያ ገንዘቡም ሰዉም የለንም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ጋሼ የቦታዎቹን ዝርዝር፣ የዛጎሉ ልጅ የንጣት ደረጃ መለኪያውን እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ አሁንም 30 ይላል፤ እባካችሁ አንዳችሁ አስተካክሉት።