43 ቁጥር ሶል ላይ ካንባኑ አልሠራ አለኝ

ጫማ ፋብሪካ ነው። መገጣጠሚያው ከኢንጀክሽን ክፍል (ሶል የሚመረትበት) ሶል የሚወስደው በካንባን ካርድ፣ ማለትም ያለቀውን ተኩ በሚል የማዘዣ ካርድ ነው፤ አንድ ካርድ ለአንድ ሳጥን፣ 30 ጥንድ። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ካርዱ ይመለሳል፣ ሶሉ በ1 ቀን ይደርሳል። 40 ቁጥር በቀን 240፣ 43 ቁጥር 60 ጥንድ ይፈጃል። 20 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሬ ለ40 ቁጥር 10፣ ለ43 ቁጥር 3 ካርድ አወጣሁ።

ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላ ለመሄድ ሞልድ (የሶሉን ቅርጽ ማውጫ) መቀየር 50 ደቂቃ ስለሚወስድ ኢንጀክሽኖች 4 ካርድ ካልተጠራቀመ አይቀይሩም (አልፈርድባቸውም)። 43 ቁጥር ግን ካርዱ በጠቅላላው 3 ነው! ወደ 5 አሳደግኩት፤ 4ኛው ሲመለስ የሚቀረው 1 ሳጥን፣ የግማሽ ቀን ፍጆታ ስለሆነ መስመሩ አሁንም ይቆማል።

ካርዱን 7 አድርሼ 3 ሳጥን ሲቀር ሞልዱ ይቀየር፣ ወይስ በ5ቱ ካርድ በየቀኑ በተቆረጠ ሰዓት ላስቀይር?