የልቡ ምት ላልዘገየ ሰው ፔስሜከር ለምን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የልብ ድካም አለበት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ ልቡ ደም የመግፋት አቅሙ 30 በመቶ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አሁን ሐኪሙ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ) ይግባለት አለ፣ ያውም ባለ ሦስት ሽቦ! እኔ የማውቀው ፔስሜከር ልቡ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው ነው። የሱ ግን በደቂቃ 75 ነው። ግራ ገባኝ።

የልብ ክፍል ነርስ፦ እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ የመጀመሪያው ሲቀበር ሥራው አንተ እንዳልከው ነበር። አሁን ሰፍቷል። የአባትህ ችግር ፍጥነት ሳይሆን ቅንጅት ይመስለኛል። የግራው የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘጋ የልብ ቀኝ ክፍል ቀድሞ ይጨመቃል፣ ግራው ዘግይቶ ይከተላል፣ አንዱ ግድግዳ ሲገፋ ሌላው ገና ነውና ደሙ እንደሚገባው አይወጣም። ሦስተኛው ሽቦ በልብ ደም መልስ በኩል ዞሮ ግራውን ይነካና ሁለቱን አብሮ ያስመታል። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወረቀቱ) ላይ ኪውአርኤስ የሚለውን እይ፣ ኤሌክትሪኩ የልብን የታች ክፍሎች ለማዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከ150 ሚሊሰከንድ ካለፈና የግራ መስመር መዘጋት ካለ ጥሩ ተስፋ አለው። ከ130 በታች ከሆነ ግን ለዚህ ዓላማ አይመከርም።

ተጠራጣሪው፦ ጥሩ ብለሻል፣ ግን ተአምር አታስመስዪው። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ያን ያህል ለውጥ አያይም።

ወዳቂው፦ እኔ ደግሞ የልብ ድካም የለኝም፣ ቆሜ እያወራሁ ድንገት ዘፍ እል ነበር። ከቆዳ ሥር ትንሽ መቅጃ ቀበሩልኝ፣ በወደቅኩበት ሰዓት ልቤ ለሰከንዶች ቀጥ ማለቱ ተገኘ። ፔስሜከር ገባልኝ፣ ቀረልኝ። የደም ግፊት ብቻ ወርዶ ለሚወድቅ ሰው ግን ብዙም አይረዳም፣ ስለዚህ ወደቅኩ ያለ ሁሉ አይሩጥ። በነገራችን ላይ ልባቸው በኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይ ክፍሎች የተዘበራረቀ ምት) ከልክ በላይ ለሚፈጥንና በመድኃኒት እምቢ ላለም ይገባል። መጀመሪያ ፔስሜከር ያስገባሉ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን የኤሌክትሪክ መስመር አውቀው ያቃጥሉታል፣ ፈጣኑ ምት ወደ ታች እንዳያልፍና ምቱን ፔስሜከሩ እንዲመራ።

ጠያቂ፦ አየሁት፣ ኪውአርኤሱ 162 ይላል፣ የግራ መስመር መዘጋትም ተጽፏል። አሁን ገባኝ። ሐኪሙን ሌላ ምን ልጠይቀው?

የልብ ክፍል ነርስ፦ መሣሪያው አደገኛ ምት ሲመጣ በኤሌክትሪክ የሚመታ ይሁን ወይስ ፔስሜከር ብቻ፣ እሱን ጠይቅ። አቅማቸው ከ35 በታች ስለሆነ ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም፣ መልሱ ግን በዕድሜያቸውና በሌላ ሕመማቸው ይወሰናል። ሽቦውን በቀጥታ የልብ የራሱ የግራ መስመር አካባቢ የሚተክሉም አሉ፣ ይሄኛው አዲስ ነው፣ ማዕከሉ ልምድ እንዳለው አጣራ። ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይና ኤምአርአይ መነሳት እንደሚችሉም አትርሳ።