የሻቲላው ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ሻቲላ ከሚባለው ቤይሩት፣ ሊባኖስ ካለው የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ ወጣቶች ጋር በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው። አረጋውያን የሚያስታውሱትን በድምፅ እንቅዳ፣ በሴፕቴምበር ኤግዚቢሽን እናሳይ። ወሩን የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1982 በካምፑ ነዋሪዎች ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ከሴፕቴምበር 16 እስከ 18 ስለተፈጸመ ነው።

ነባር አባል፦ ወሩ ጥሩ ነው። ግን ታሪኩን ከ1982 አትጀምሩት። ካምፑ የተቋቋመው በ1949 ነው፣ ከሰሜን ፍልስጤም መንደሮች ለተፈናቀሉ ሰዎች። ያኔ ድንኳን ነበር፣ ለጊዜው ተብሎ። መከራው በ1982ም አላበቃም። ከ1985 ጀምሮ አማል የተባለው የሊባኖስ ሺዓዎች ድርጅት ታጣቂዎች ካምፑን ከበው ደበደቡት። ሬሳ አውጥቶ መቅበር ስላልተቻለ መስጊዱ ውስጥ ቀበሩ። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ካምፑ ውስጥ የምትኖር አባል፦ እትዬ ልክ ነዎት። እኔ ደግሞ የሽቦው ነገር ይግባ እላለሁ። እኛ ሰፈር መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከራሳችን በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቱቦ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን እጃቸውን ይዤ ነው የማሳልፈው። ኤሌክትሪክ ይዟቸው የሞቱ አሉ። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ለሻይ እንኳ አይሆንም፣ የምንጠጣውን እንገዛለን። ይሄ ሁሉ ከታሪኩ የመጣ ነው። ካምፑ ወደ ጎን መስፋት አይችልም፣ ልጅ ሲያገባ ፎቅ ይጨመራል። ፍልስጤማዊ ወጥቶ ቤት እንዳይገዛ የ2001ዱ የሊባኖስ ሕግ ከልክሎታል። በዚያ ላይ የሶርያ ጦርነት ብዙ ቤተሰብ አመጣ። ኪራይ ርካሽ ነው ብለን የገባን፣ ፍልስጤማዊ ያልሆንን እኛም አለን።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲያው ገንዘቡን ሁሉ ኤግዚቢሽን ላይ አናፍስሰው። ከፊሉ ለአንድ መተላለፊያ ሽቦ ማስተካከያ ይያዝ። የካምፑ የሕዝብ ኮሚቴ ሳይስማማ ግን አንድም ሽቦ አይነካ። ሥራው ባለሙያ ይፈልጋል።

ነባር አባል፦ ጠያቂዎቹም የካምፑ ልጆች ይሁኑ። አያቶቻቸው ለእነሱ የሚነግሩትን ለእኛ አይነግሩንም። ባለታሪኩ «ስሜ አይውጣ» ካለ አይወጣም፣ ቅጂው አንድ ኮፒ ለቤተሰቡ ይሰጥ።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም ተቀብያለሁ። ስለ እኛ ስለ ተከራዮቹ አንድ አንቀጽ ብቻ እጨምራለሁ፣ ጉዳዩ የእነሱ ነውና። አንቺ የመተላለፊያውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሺልኝ፣ ሰው እንዳይገባበት። የተስተካከለውን እስከ ዓርብ እልካለሁ፣ እሁድ ከወጣቶቹ ጋር በአረብኛ እናነበዋለን።