ትዕዛዝ ሞልቷል፣ ገንዘብ ግን የለም፤ ማሽን ልጨምር ወይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የብረት መደርደሪያ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ፤ 9 ሠራተኞች ነን። ሥራ አልጠፋም፣ እንዲያውም ከአቅማችን በላይ ነው። ወር በመጣ ቁጥር ግን ደሞዝ ለመክፈል ጭንቅ ነው። ትልቁ ደንበኛዬ የሚከፍለኝ ዕቃውን ከተረከበ ከ60 ቀን በኋላ ነው። ላሜራ ሻጩ ደግሞ ዱቤ የሚባል አያውቅም። ተበድሬ ሁለተኛ መቁረጫ ማሽን ልግዛ እያልኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሪ። ላሜራውን ዛሬ በእጅ በእጅ ገዛሽ እንበል። ሥራው 15 ቀን ቢፈጅ፣ ከዚያ 60 ቀን ትጠብቂያለሽ። ገንዘብሽ 75 ቀን ሙሉ ሰው እጅ ነው። በየ15 ቀኑ አዲስ ትዕዛዝ ከጀመርሽ የመጀመሪያው ሳይከፈልሽ የ5 ትዕዛዝ ላሜራ ከኪስሽ ሸፈንሽ ማለት ነው። ሥራ ሲጨምር ጭንቀቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። የማሽን ዕዳ ሲደመርበት ይብሳል። ቢያንስ የላሜራውን ዋጋ የሚሸፍን ቅድሚያ ክፍያ ጠይቂ።

ባለ ፋብሪካው፦
ቅድሚያ ክፍያ ማለት ለአፍ ይቀላል። ትልቅ ደንበኛ ሲጠየቅ ፊቱን ያዞራል፣ አይቼዋለሁ። እኔ የማደርገው ዕቃውን በ3 ዙር ማስረከብ ነው። በየዙሩ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያው ዙር 60 ቀን ቶሎ መቆጠር ይጀምራል። ውሉ ላይ ግን ቀድመሽ አስገቢው፣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

አሮጌው በያጅ፦
እኔ ማሽን ገዝቼ ተቃጥያለሁ። የመጣ ቀን ደስታችን ሌላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ማጠፊያው ፊት የተቆረጠ ላሜራ ወገብ ድረስ ተቆለለ። ለካ የቸገረን መቁረጥ ሳይሆን ማጠፍ ኖሯል! ነገ ጠዋት ወርክሾፑን ዙሪ። ያላለቀ ዕቃ የተከመረው የት ነው? ሥራሽን አንቆ የያዘው ከክምሩ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው።

አቆራረጡንም እዪ። 122 በ244 ሳንቲሜትር ከሆነ ላሜራ ላይ 80 በ60 የሆነ ቁራጭ ስታወጪ፣ 80ውን በ122 በኩል ካስተኛሽው 4 ብቻ ይወጣል። አዙሪው፣ 6 ይሆናል። እኛ ቤት ይህን ለረጅም ጊዜ ያየው ሰው አልነበረም። ሰው የለመደውን ነው የሚቆርጠው፣ ምን ታደርጊዋለሽ።

ጠያቂ፦
ዛሬ ዞርኩ። ክምሩ ያለው ቀለም ክፍል በር ላይ ነው፤ ተበይዶ ያለቀ 43 መደርደሪያ ቆጠርኩ። መቁረጫው ግን ከሰዓት ቆሞ ነበር። አቆራረጡም እንዳልከው ነው፣ አፈርኩ። ደንበኛዬ በ2 ዙር መረከብ ተስማምቷል።

አሮጌው በያጅ፦
ቀለም ክፍሉ የጎደለው ቀቢ ነው ወይስ ማድረቂያ ቦታ?

ጠያቂ፦
ቦታ። ቀቢው ግማሽ ቀን የሚደርቅ እየጠበቀ ይቀመጣል።

አሮጌው በያጅ፦
እንግዲያው ከፍ ያለ ማንጠልጠያ ነው የሚያስፈልግሽ። ባጠራቀምሽው ቁርጥራጭ አስበይጂው።